የበዕውቀቱ ስዩም ወጎች

በዕውቀቱ ስዩም ገጣሚ፣ ልብ ወለድ ደራሲና የወግ ጸሐፊ ነው። የተወለደው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ምዕራብ ጎጃም፣ ማንኩሳ ነው። ማንኩሳ በጃቢ ጠህናን ወረዳ፣ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ስትሆን፣ ዙሪያዋ በበቆሎና በበርበሬ ምርቱ የታወቀ የገበሬ አገር ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሥነ ልቡና አጥንቷል። የመጀመሪያ መጽሐፉ «ኗሪ አልባ ጎጆዎች» የግጥም መድብል ሲሆን፣ «እንቅልፍና ዕድሜ» እና «መግባትና መውጣት» የተባሉ ልብ ወለዶች ተከትለውታል። እ.ኤ.አ. በ2008 የዓመቱ ምርጥ ወጣት ደራሲ ተብሎ ተሸልሟል። ከአገር ውጭ ይበልጥ የሚታወቀው በግጥሙ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ለንደን ላይ በተካሄደው ዓለም አቀፍ የግጥም ጉባኤ ኢትዮጵያን ወክሎ ተገኝቷል። በአገሩ ብዙኃኑን አንባቢ ያፈራለት ግን ወጉ ነው።

የወጎቹ ዋና ገጸ ባሕርይ ራሱ ጸሐፊው ነው፤ ይበልጥ በትክክል ሲነገር፣ ጸሐፊው «እኔ» እያለ የሳለው ሰው ነው። ይህ ሰው ቀጭን ነው፤ ኪሱ ባዶ ነው፤ ጠብ ሲነሣ ቀድሞ መውጫ የሚፈልግ፣ ውሻ ሲጮህ የሚርድ፣ ሴት ለማነጋገር ሳምንት ተዘጋጅቶ በመጀመሪያው ቃል የሚደናቀፍ ነው። ከአከራዩ፣ ከታክሲ ረዳቱ፣ ከሰፈር ጉልበተኛው ጋር ሲጋጠም ሁልጊዜ ተሸናፊው እሱ ነው። በዕውቀቱ የሰውዬውን አንድ ጠባይ፣ ለምሳሌ ቅጥነቱን ወይም ፍርሃቱን፣ ይመርጥና ከልክ በላይ አሳድጎ ያሳየዋል፤ የቀረውን በሁለት ዐረፍተ ነገር ያልፈዋል። የካርቱን ሠዓሊ አፍንጫ አግንኖ ፊትን እንደሚያሳይ፣ እሱም በቃል የሚሠራው ይህንኑ ነው።

ግነቱ ግን ብቻውን አይቆምም። ሳቁ የሚመጣው ከፍ ያለ ቋንቋ ዝቅ ያለ ነገር ላይ ሲያርፍ ነው። የቤት ኪራይ ጭቅጭቅ በዜና መዋዕል አነጋገር ይተረካል፤ ከባር የመባረር ወሬ የዘመቻ ታሪክ መልክ ይይዛል። የግእዝ ጥቅስ፣ የነገሥታት ስም፣ የፈላስፋ አባባል በሽሮና በታክሲ ሰልፍ መካከል ብቅ ይላል። አንባቢው ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ከሆነ ቀልዱ ይገባዋል። ጸሐፊው ከአንባቢው ይህን ያህል ዕውቀት መጠበቁ የአክብሮት ምልክት ነው፤ ወጎቹን ከተራ የመድረክ ቀልድ የሚለያቸውም ይህ ነው። ዐረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ናቸው፤ ንግግሩ በሰፈር አማርኛ ይሄዳል፤ የጎጃም ዘዬም አልፎ አልፎ ይሰማል።

ለዚህ አጻጻፍ ሥር የሆነው የጎጃም የአብነት ትምህርት ቤት ባህል ይመስላል። ከታወቁት የቅኔ ቤቶች ዋሸራና ጎንጅ ሁለቱም ጎጃም ውስጥ ናቸው። በሰምና ወርቅ የሠለጠነ ጆሮ አንድን ቃል ሁለት ጊዜ መስማት ለምዷል፤ ባለሥልጣንን በውዳሴ መልክ መሸንቆጥ፣ መምህርን በምስጋና ስም መንካት በቅኔ ማኅሌቱ የቆየ ጥበብ ነው። ከዚህም በላይ የቆሎ ተማሪው አለ። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንጠልጥሎ፣ በየደጃፉ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ሲለምን ውሻ የሚያባርረው ይህ ልጅ ስለ ረሃቡና ስለ ፍርሃቱ ቀልድ ሲፈጥር ኖሯል። የበዕውቀቱ ቀጭን ተራኪ የዚህ ተማሪ የከተማ ወንድም ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። የአለቃ ገብረ ሐና ቀልዶች በቃል ሲተላለፉ የኖሩትም በዚሁ በካህናት ጨዋታ ውስጥ ነው።

ማንኩሳ ወደ አማርኛ ሥነ ጽሑፍ የገባችው በበዕውቀቱ አይደለም። ሐዲስ ዓለማየሁ (1902–1996) በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የዋና ገጸ ባሕርዩ የበዛብህ የትውልድ መንደር ማንኩሳ ናት። በዚህ ልብ ወለድ ውስጥ ጠንካራ የስላቅ ሥዕል አለ። ፊታውራሪ መሸሻ በዘራቸው ከመመካታቸው የተነሣ ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል እኩያ ባል አጥተው ሳትዳር የሚያስቀምጧት፣ በሽምግልናቸው ገበሬ ላይ ዘምተው በገበሬ የሚማረኩ ባላባት ናቸው። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በሬዲዮ ሲተርከው የፊታውራሪው ድምፅ በብዙ ሰው ጆሮ ቀርቷል። ሐዲስ የሳሉት ትልቁን ሰው ከውጭ ሆነው ነው፤ ኩራቱን አግንነው ሥርዓቱን አሳዩ። በዕውቀቱ የሚስለው ትንሹን ሰው ከውስጥ ነው፤ ድክመቱን አግንኖ በዙሪያው ያለውን ጉልበተኛ ያሳያል። ሁለቱን ጎን ለጎን ማንበብ በግማሽ ምዕተ ዓመት ውስጥ የአማርኛ ስላቅ ከባላባት አዳራሽ ወደ ኪራይ ክፍል እንዴት እንደ ወረደ ያስረዳል።

በአማርኛ ወግን ራሱን የቻለ የጽሑፍ ዘርፍ አድርገው ካቆሙት መካከል የ«የቡና ቤት ሥዕሎች» ደራሲ መስፍን ሀብተ ማርያም ቀዳሚ ቦታ አለው። የመስፍን ተራኪ በአብዛኛው ጥግ ይዞ የሚታዘብ ነው። በበዕውቀቱ ዘንድ ግን ታዛቢው ራሱ መሳቂያ ሆኖ ወደ መሃል ገብቷል። ከውጭው ዓለም ለንጽጽር የሚቀርበው እንግሊዛዊው ማክስ ቢርቦም (እ.ኤ.አ. 1872–1956) ነው። ቢርቦም የዘመኑን ነገሥታት፣ ባለቅኔዎችና ደራስያን በእርሳስ እየሣለ፣ በብዕርም የአጻጻፍ ስልታቸውን እያስመሰለ ያሾፍባቸው ነበር፤ በእርጅናው ደግሞ ወጎቹን በሬዲዮ አሰምቷል። በዕውቀቱም ጽሑፉን በገዛ ድምፁ በመድረክ ያቀርባል፤ በግጥም በጃዝ ዝግጅቶችም ታዳሚ አፍርቷል። ልዩነታቸው በማን ላይ እንደሚያነጣጥሩ ነው፦ ቢርቦም ዝነኞችን፣ በዕውቀቱ አስቀድሞ ራሱን።

ይህ ራስን የማስቀደም ልማድ ከጨዋታ ያለፈ ጥቅም አለው። በራሱ የሳቀ ሰው ሌላውን ሲነካ አንባቢ ቂም አይይዝበትም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው «ከአሜን ባሻገር» ለዚህ ማስረጃ ነው። መጽሐፉ ታሪክን፣ ማንነትንና እምነትን የመሳሰሉ አገር የሚያከራክሩ ጉዳዮችን ያነሣል፤ ተቀባይነት ያገኙ ትረካዎችን ከምንጫቸው ጋር ያመሳክራል፤ ሙግቱ ግን የሚካሄደው በዚያው በለመድነው ተራኪ አንደበት ነው። በጨዋታ ተጀምሮ ወደ ጥያቄ ይሻገራል፤ ጥያቄው ሲከብድ ደግሞ አንድ ቀልድ ጣል ተደርጎ አንባቢው ትንፋሽ ያገኛል። በሳቁ ብቻ የሚያውቁት አንባቢዎች የጸሐፊውን ጥረት ግማሹን ነው የሚያዩት። ጥቅስ የማጣራት ትጋቱና የማይስማማበትን ሐሳብ ከመሞገቱ በፊት በቅጡ ማቅረቡ ከቀልዱ እኩል ሊነሣለት የሚገባ ነው።

ኑሮው ወደ አሜሪካ በተሻገረባቸው ዓመታት የወጎቹ መድረክ ተቀይሯል። አከራዩና የሰፈሩ ጉልበተኛ ቀርተው ስደተኛው፣ የሥራ አለቃውና የሐበሻ ምግብ ቤቱ ተተክተዋል። ተራኪው ግን አልተለወጠም፤ እንግሊዝኛው የሚከዳው፣ ብርዱ የሚያንዘፈዝፈው፣ አገሩን በነገር ሁሉ የሚያስታውስ ያው ቀጭን ሰው ነው። እነዚህ የስደት ወጎች በየማኅበራዊ ድረ ገጹ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ሲነበቡ፣ በመጽሐፍ ከታተሙት ይልቅ አጠር ያሉና ፈጠን ያሉ ሆነዋል። የቀድሞዎቹን ያህል የተብላሉ አይደሉም፤ ለዕለቱ ወሬ ያላቸው ቅርበት ግን ብዙ አዲስ አንባቢ አምጥቶለታል።