የቤት ድለላ ሥራ ፈቃድ በነጌሌ ቦረናና በደቡብ ቆላማ ከተሞች

የቤት ድለላ የቤት ወይም የሌላ ሕንፃ ሻጭና ገዥን፣ አከራይና ተከራይን በማገናኘትና ውል እንዲፈጽሙ በማድረግ ክፍያ የሚገኝበት ሥራ ነው። ይህን ሥራ በቋሚነት የሚሠራ ሰው በሕግ ፊት ነጋዴ በመሆኑ በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት መመዝገብና ፈቃድ ማውጣት ይጠበቅበታል። ያለ ፈቃድ መነገድ በወንጀል ያስጠይቃል።

ፈቃድ ለማውጣት

1. የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ከሚመለከተው የገቢዎች መሥሪያ ቤት ይወጣል።
2. ዋናው የሥራ አድራሻ በሚገኝበት ከተማ የንግድ ምዝገባ ይፈጸማል። ምዝገባው የሚደረገው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ በነጌሌ የተመዘገበ ደላላ በያቤሎ ሲሠራ ቅርንጫፉን ያስመዘግባል እንጂ እንደ አዲስ አይመዘገብም።
3. በድለላ የሥራ መደብ የንግድ ሥራ ፈቃድ ይጠየቃል። የምዝገባ ምስክር ወረቀት ብቻውን ለመሥራት አያስችልም።
4. ፈቃዱ በሕግ በተወሰነው ጊዜ ይታደሳል፤ የአድራሻ ለውጥም ለመዝጋቢው መሥሪያ ቤት ይገለጻል።

ፈቃዱ የማይሸፍናቸው ተግባራት

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ንብረት ስለሆነ አይሸጥም፣ አይለወጥም። የሚሸጠው በመሬቱ ላይ በሕጋዊ መንገድ የተሠራው ሕንፃ ነው። ይኸው አንቀጽ አርብቶ አደሮች ለግጦሽም ሆነ ለእርሻ የሚጠቀሙበትን መሬት በነፃ የማግኘትና ከመሬታቸው ያለመፈናቀል መብት ይሰጣቸዋል።

ድንጋጌው ለቆላማ ከተሞች የተለየ ክብደት አለው። የከተሞቹ ዳርቻ በአብዛኛው የጋራ ግጦሽ ስለሆነ፣ ከወሰን ውጭ ያለን ሜዳ በካሬ ሜትር ሸንሽኖ ማሻሻጥ ማንኛውም ፈቃድ ሕጋዊ ሊያደርገው አይችልም። ገዥ ገንዘቡን፣ አርብቶ አደሩ የከብቶቹን መሰማሪያ ያጣል።

ደላላ ወኪል አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ስለሆነም የባለቤቱ ልዩ ውክልና የሌለው ደላላ በስሙ ሊፈርም አይችልም።

ከውል በፊት የሚጣሩ ጉዳዮች

• የይዞታ ማረጋገጫ ካርታው ከሰጪው ማዘጋጃ ቤት መዝገብ ጋር መመሳከሩ። ነጌሌና ያቤሎ በኦሮሚያ ክልል፣ ፊልቱና ዶሎ አዶ በሶማሌ ክልል ይተዳደራሉ። በሞያሌ የሁለቱም ክልሎች አስተዳደሮች ስላሉ ካርታውን የትኛው እንደሰጠ አስቀድሞ መለየት ይገባል።
• ቤቱ ከዕዳና ከእግድ ነፃ መሆኑ።
• ቤቱ የባልና ሚስት የጋራ ንብረት ከሆነ ሁለቱም መስማማታቸው።
• የድለላ ክፍያው መጠን፣ ከፋዩና የሚከፈልበት ጊዜ በጽሑፍ መወሰኑ።

የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ውል በቃል አይጸናም፤ በጽሑፍ ይደረጋል፣ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት ይመዘገባል። የስም ዝውውሩም በማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ መስፈር አለበት።

ተገልጋዮች ከደላላ ጋር ከመስማማታቸው በፊት የታደሰ ፈቃዱን እንዲያሳያቸው መጠየቅ፣ ጥርጣሬ ሲኖራቸውም የከተማውን የንግድ ጽሕፈት ቤት ማነጋገር ይችላሉ።