ጸጥተኛ ኮምፒውተር የመገጣጠም ታሪክ፦ ሙቀት፣ ማራገቢያና የስክሪኖች መብዛት

የግል ኮምፒውተር ጩኸት ምንጩ ሙቀት ነው። በፕሮሰሰሩ፣ ማለትም የማሽኑን ስሌት በሚያከናውነው ዋና ቺፕ፣ እንዲሁም በሌሎቹ ክፍሎች ውስጥ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ኃይል ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ሙቀት ስለሚለወጥና ሙቀቱ ኬዝ ከሚባለው ሳጥን ካልወጣ ክፍሎቹን ስለሚጎዳ፣ ሠሪዎች አየሩን በማራገቢያ እየገፉ ማስወጣትን መረጡ፤ ተጠቃሚውም የማራገቢያን ድምፅ የኮምፒውተር ተፈጥሯዊ ባሕርይ አድርጎ ተቀበለው። የዘርፉ ታሪክ በጥንቃቄ ሲታይ ግን ጩኸቱ የግድ አልነበረም፤ ጸጥታውም ቢሆን በአመዛኙ ክፍሎችን ለየብቻ እየመረጡ ማሽናቸውን ራሳቸው በገጣጠሙ ሰዎች ግፊት የመጣ እንጂ ፋብሪካዎች በራሳቸው ተነሣሽነት ያቀረቡት አይደለም።

ከመጀመሪያዎቹ ታዋቂ የቤት ኮምፒውተሮች አንዱ የሆነው አፕል 2 ማራገቢያ አልነበረውም። ማሽኑ በ1977 እ.ኤ.አ. ለገበያ ሲቀርብ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ ሮድ ሆልት የነደፈለት የኃይል አቅራቢ፣ ማለትም የግድግዳውን ኤሌክትሪክ ለክፍሎቹ ወደሚስማማ ዝቅተኛ ቮልቴጅ የሚለውጠው መሣሪያ፣ ኃይሉን በከፍተኛ ፍጥነት እያበራና እያጠፋ የሚቆጣጠር በመሆኑ በጊዜው ከተለመዱት ያነሰ ሙቀት ያመነጭ ነበር። በ1980 የተከተለው አፕል 3 ያንኑ ጸጥታ ለመድገም ሞክሮ በብልሽት ብዛት ስሙ ጠፋ፤ ተጨናንቀው የተደረደሩት ክፍሎቹና የማራገቢያ አለመኖር ለብልሽቱ ምክንያት ተደርገው ሲጠቀሱ ኖረዋል። በ1984 የወጣው ማኪንቶሽም የአፕሉ ስቲቭ ጆብስ ማራገቢያ እንዳይገባበት አጥብቆ በመሻቱ ሞቃቱ አየር በራሱ ወደ ላይ እንዲወጣ ተደርጎ ተሠራ፤ በ1987 ማኪንቶሽ ኤስ ኢ ሲመጣ ግን ማራገቢያው ገባ። አይ ቢ ኤም በ1981 ያወጣው ፒሲ በዚህ ክርክር ውስጥ አልገባም። የኃይል አቅራቢው 63.5 ዋት ብቻ፣ ማለትም የአንድ የድሮ አምፖል ፍጆታ ያህል፣ የሚያወጣ ቢሆንም ማራገቢያ ነበረው፤ ሌሎች ኩባንያዎች ፒሲውን አስመስለው ሲሠሩ ማራገቢያውንም አብረው ወረሱ።

በሁለት ስክሪን መሥራት በዚሁ ፒሲ ላይም ይቻል እንደነበር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። አይ ቢ ኤም ለማሽኑ ሁለት ዓይነት የማሳያ ካርዶችን ያቀርብ ነበር፤ አንደኛው ጥርት ያለ ባለ አንድ ቀለም ጽሑፍ፣ ሌላው ቀለም ያለው ምስል ያወጣል። ሁለቱ ካርዶች የሚጠቀሙባቸው የማስታወሻ አድራሻዎች ስለማይጋጩ በአንድ ማሽን ውስጥ አብረው መሥራት ይችሉ ነበር፤ ፕሮግራመሮችም ይህን ዕድል ፈጥነው ተጠቀሙበት። የሚሠሩት ጌም በባለ ቀለሙ ስክሪን ላይ ሲሮጥ፣ ስህተት ለማደን የሚያገለግለው ፕሮግራም፣ ማለትም ዲባገሩ፣ በሌላው ስክሪን ላይ የማሽኑን ውስጣዊ ሁኔታ ያሳያቸው ነበር። ፕሮግራም መጻፍና ጌም ዛሬ በአንድ ማሽን ላይ ተጣምረው ሲታዩ አዲስ ነገር የሚመስለው ይህን ለማያውቅ ብቻ ነው።

የሙቀቱ መጠን የተለወጠው በ1990ዎቹ ነው። በ1993 የወጣው 66 ሜጋኸርዝ የኢንቴል ፕሮሰሰር፣ ፔንቲየም፣ እስከ 16 ዋት ይወስድ ስለነበር በላዩ ሂትሲንክ፣ ማለትም ሙቀትን በብዙ ክንፎቹ ወደ አየር የሚበትን ብረት፣ ብዙ ጊዜም ከነትንሽ ማራገቢያው ይገጠምለት ጀመር። ከዚያ በኋላ ለአሥር ዓመታት ያህል የገበያው ውድድር በሜጋኸርዝ፣ ማለትም የፕሮሰሰር ፍጥነት በሚለካበት አሃድ፣ ቁጥር ላይ ሆነ። ትራንዚስተሮች፣ ማለትም በቺፑ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያዎች፣ እያነሱ በሄዱ ቁጥር የሚፈልጉት ቮልቴጅ አብሮ ስለሚቀንስ ፍጥነትን ያለ ብዙ ሙቀት መጨመር ይቻላል የሚለው፣ የአይ ቢ ኤሙ ሮበርት ዴናርድና ባልደረቦቹ በ1974 ያቀረቡት ስሌት፣ በ2000ዎቹ አጋማሽ ላይ መሥራት አቆመ፤ ትራንዚስተሮቹ ተዘግተውም ኃይል ያንጠባጥቡ ነበርና። 3.8 ጊጋኸርዝ የደረሰው ፔንቲየም 4 የ115 ዋት ሙቀት ማስተናገጃ ይጠይቅ ነበር።

ጸጥታ የሚሹ ገጣጣሚዎች እንደ አንድ ወገን መታየት የጀመሩት በዚሁ የሙቀት ዘመን ነው። እነዚህ ሰዎች ከሜጋኸርዝ ይልቅ ዴሲቤልን፣ ማለትም የድምፅ መጠን የሚለካበትን አሃድ፣ ይቆጥሩ ነበር። በ2002 በካናዳ የተመሠረተው ሳይለንት ፒሲ ሪቪው የተባለው ኅትመት የአምራቾችን ማስታወቂያ ወደ ጎን ትቶ የእያንዳንዱን ክፍል ድምፅ በመሣሪያ እየለካ ያወጣ ስለነበር የምርጫ መሠረት ሆነላቸው። ከዚህ ሁሉ ልኬት ጎልቶ የወጣው የማራገቢያ ሕግ ነው፤ የአንድ ማራገቢያ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የሚገፋው አየር በእጥፍ ብቻ ያድጋል፣ ድምፁ ግን ወደ 15 ዴሲቤል ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ተመሳሳይ መጠን ያለውን አየር በቀስታ የሚገፋ ሰፊ ማራገቢያ በፍጥነት ከሚሽከረከር ጠባብ ይሻላል፤ በ80 ሚሊሜትር ማራገቢያዎች ፈንታ 120 ሚሊሜትር የሆኑት የነገሡበት ምክንያትም ከዚህ ሌላ አይደለም። በ2005 ወደ ገበያ የገባው የኦስትሪያው ኖክቱዋ ስሙን የገነባው በዚሁ መርሕ ላይ ነው፤ ግዙፍ ሂትሲንክን ቀስ ብሎ ከሚዞር ማራገቢያ ጋር አጣምሮ አቀረበ። ቡናማና የወተት ቀለም ያላቸውን ማራገቢያዎቹን ውብ ናቸው ለማለት ድፍረት ቢጠይቅም ገዢው ግን የሚፈልገው ጆሮው የሚነግረውን ነበር።

ከማራገቢያው ቀጥሎ የሚያስቸግረው ሃርድ ዲስኩ ነበር። በውስጡ በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከሩት ሰሌዳዎች በኳስ ቅርጽ ኩሽኔታ ላይ ሲዞሩ ያፏጫሉ፤ በ2001 የቀረበው የሲጌት ባራኩዳ 4 በኩሽኔታው ፈንታ ፈሳሽ በመጠቀሙ ፉጨቱን አጠፋው። ንዝረቱ ግን ወደ ኬዙ ብረት እየተላለፈ ሲያጓራ ቀጠለ፤ መፍትሔውም ዲስኩን በላስቲክ ገመድ አንጠልጥሎ ከብረቱ ማላቀቅ ሆነ። በ2000ዎቹ መጨረሻ ተንቀሳቃሽ አካል የሌለው ማከማቻ፣ ኤስ ኤስ ዲ፣ በተራው ተጠቃሚ እጅ መግባት ሲጀምር ይህ ሁሉ ብልሃት ከጥቅም ውጭ ሆነ። ፕሮሰሰሩም ቢሆን በ2006 ኢንቴል በፔንቲየም 4 ፈንታ ኮር 2 ዱዎን ሲያወጣ ወደ 65 ዋት ወርዶ ነበር።

ጩኸቱ ግን አልጠፋም፤ ወደ ግራፊክስ ካርድ ተዛወረ። ምስል የሚያሰላው ይህ ካርድ በ1990ዎቹ አጋማሽ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ማራገቢያ ይሠራ ነበር። በ2003 የወጣው ጂፎርስ ኤፍ ኤክስ 5800 አልትራ ግን ድምፁ ከአቧራ መጥረጊያ ማሽን ጋር እስኪነጻጸር ድረስ በመጮኹ፣ አምራቹ ኤንቪዲያ ራሱ በካርዱ የሚቀልድ ቪዲዮ እስከ መሥራት ደርሷል። የቀልዱ ነገር እዚያው አበቃ፤ የኃይል ፍጆታው ግን እያደገ ሄዶ በ2022 የወጣው አርቲኤክስ 4090 450 ዋት ሆነ፤ ይህም የመጀመሪያው ፒሲ የኃይል አቅራቢ ከሚያወጣው ሰባት እጥፍ ነው።

የስክሪኖቹ መብዛትም ወደዚሁ ካርድ የሚያመራ ታሪክ ነው። በ1987 ማኪንቶሽ 2 በተለያዩ ካርዶች የሚመሩ በርካታ ስክሪኖችን እንደ አንድ ሰፊ ገጽ አገናኘ፤ ዊንዶውስ 98 ደግሞ እስከ ዘጠኝ ስክሪን ፈቀደ። የካናዳው ማትሮክስ በ1999 በጂ400 አንድ ካርድ ሁለት ስክሪን እንዲመራ፣ በ2002 በፓርሄሊያ ጌም በሦስት ስክሪን እንዲዘረጋ አደረገ። በእነዚያ ዓመታት የነበሩት ባለ ቱቦ ስክሪኖች ከባድና ጥልቅ ስለነበሩ ሦስቱን የሚችል ጠረጴዛ ማግኘት ራሱ ችግር ነበር፤ ልማዱ የተስፋፋው ጠፍጣፋዎቹ ሲረክሱ ነው። ኤ ኤም ዲ በ2009 በራዲዮን ኤች ዲ 5870 ሦስት ስክሪን በአንድ ካርድ ሲያቀርብ፣ በቀጣዩ ዓመት የወጣው ልዩ ዝርያ ስድስት ደረሰ።

ጸጥታና ብዙ ስክሪን የሚጋጩት እዚህ ላይ ነው። ከ2014 ገደማ ጀምሮ ብዙ ካርዶች ሥራ ሲቀንስ ማራገቢያቸውን ጨርሶ ያቆማሉ፤ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው አብዛኛውን ቀን ካርዱን ስለማያስጨንቀው ይህ ለእርሱ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን ካርዱ ኃይል ለመቆጠብ የማስታወሻውን ፍጥነት ዝቅ ሲያደርግ ምስሉ እንዳይርገበገብ ለውጡን በሁለት ምስሎች መካከል ባለችው ቅጽበት መፈጸም አለበት፤ የስክሪኖቹ የእድሳት መጠን፣ ማለትም በሴኮንድ ምስል የሚታደስበት ጊዜ ብዛት፣ ሲለያይ ቅጽበቶቹ ስለማይገጣጠሙ ካርዱ ማስታወሻውን በከፍተኛ ፍጥነት ያቆየዋል። በዚህም በአንዳንድ ካርዶች ላይ በአሥሮች የሚቆጠር ተጨማሪ ዋት ሥራ በሌለበት ሰዓት ይባክናል፤ የቆመውም ማራገቢያ መልሶ ይነሣል። ስለዚህ ዛሬ ለፕሮግራምና ለጌም የሚሆን ባለ ብዙ ስክሪን ጸጥተኛ ማሽን የሚገጣጥም ሰው፣ ከማራገቢያዎቹ ዋጋ በፊት የግራፊክስ ካርዱ በበርካታ ስክሪን ላይ ሥራ ሲፈታ ስንት ዋት እንደሚወስድ ቢመረምር፣ ስክሪኖቹንም አንድ ዓይነት የእድሳት መጠን ካላቸው ቢመርጥ ይበጀዋል።