ዳገቱን ማን ጀመረው?

የተራራ ብስክሌትን ታሪክ የሚያወራ ሰው ሁሉ የሚጀምረው ከቁልቁለት ነው። መጻሕፍቱም ፊልሞቹም ቀድመው የሚያነሱት ሪፓክ የተባለውን የቁልቁለት ውድድር ነው። እኔ የምወዳደረው አገር አቋራጭ ነው፤ በአገር አቋራጭ ደግሞ ፈረሰኛው ከእግረኛው የሚለየው ዳገት ላይ ነው። ስለዚህ የስፖርቱን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የምፈልገው ሌላ ሰው ነው። መጀመሪያ ወደ ላይ የነዳው ማን ነው?

የደሴ ልጅ ነኝ። የጦሳን ተራራ ለሚያውቅ ሰው ደሴ ብስክሌት የሚገፋበት እንጂ የሚነዳበት ከተማ እንዳልነበረ መንገር አያስፈልገኝም። አባቴ አንድ ጥቁር ፊኒክስ ብስክሌት ነበረው። ወደ ገበያ ሲወርድ ይጋልበዋል፤ ሲመለስ እንደ በቅሎ እየሳበው ይመጣል። ዛሬ ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ እኖራለሁ፤ በሙያዬ ነርስ ነኝ። የሌሊት ተራ በሌለኝ ቅዳሜና እሁድ በአካባቢያችን በሚደረጉ ውድድሮች ከእድሜ እኩዮቼ ጋር እሰለፋለሁ። የምኖረውም ይህ ስፖርት ከተወለደበት ቦታ በመኪና ከአንድ ሰዓት ባነሰ ርቀት ላይ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሪፓክ ከሳን ፍራንሲስኮ በስተሰሜን፣ ማሪን በሚባለው አውራጃ፣ ፌርፋክስ ከተባለች ትንሽ ከተማ አጠገብ ያለ የአፈር መንገድ ነው። የተጠረገው ሰደድ እሳት ሲነሳ መኪና እንዲያልፍበት ነው። ሦስት ኪሎ ሜትር በሚያህል ርቀት 400 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። ኦክቶበር 21 ቀን 1976 ጥቂት የሰፈር ልጆች ከሁሉም ፈጣን ማን እንደሆነ ለመለየት እዚያ ተሰበሰቡ። ብስክሌቶቻቸው ከ1930ዎቹና ከ1940ዎቹ የተረፉ፣ ጎማቸው ወፍራም የሆነ፣ ከ20 ኪሎ በላይ የሚመዝኑ ሽዊን ኤክሴልሲየሮች ነበሩ። በጥቂት ዶላር ከቆሻሻ መጣያና ከአሮጌ ዕቃ መደብር የተለቀሙ ናቸው። ቻርሊ ኬሊ የሚባለው ልጅ ደብተር ይዞ ሰዓት መዘገበ። ተወዳዳሪዎቹ አንድ በአንድ፣ በጊዜ ልዩነት ተለቀቁ። ያን ቀን ያሸነፈው አለን ቦንድስ ነው፤ ከሁሉም ያልወደቀ እሱ ብቻ ነበር።

የእነዚያ ብስክሌቶች ፍሬን የሚይዘው ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት ነው፤ የሚሠራውም በኋላ ቸርኬ እምብርት ውስጥ ነው። ታች እስኪደርሱ እምብርቱ ይግላል፤ ግራሶው ጢስ ሆኖ ይወጣል። ከእያንዳንዱ ውድድር በኋላ እምብርቱ ይፈታል፣ ኩሽኔታው ይጸዳል፣ አዲስ ግራሶ ይሞላል። ውድድሩም ሪፓክ፣ ማለትም «እንደገና መሙላት»፣ የሚለውን ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሥራ ነው። በቀጣዮቹ ዓመታት ጋሪ ፊሸር በ4 ደቂቃ ከ22 ሴኮንድ ወርዶ ክብረ ወሰኑን ያዘ። ጆ ብሪዝ በ2 ሴኮንድ ብቻ ተበልጦ ሁለተኛውን ፈጣን ሰዓት አስመዘገበ። እነዚህ ቁጥሮች ዛሬም በማሪን በቃል ይነገራሉ።

ወደ ላይስ እንዴት ይወጡ ነበር? ብስክሌቶቹ ፒካፕ ላይ ተጭነው ይወጣሉ፤ መኪና ከሌለ ይገፋሉ፣ ልክ እንደ አባቴ ፊኒክስ። የአብዛኞቹ ማርሽ አንድ ነበርና ሌላ ምርጫ አልነበረም።

መልሱን ያገኘሁት ከሪፓክ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በተደረገ ሌላ ውድድር ውስጥ ነው። በዲሴምበር 1974 ሚል ቫሊ በምትባለው የማሪን ከተማ ሳይክሎክሮስ ተደረገ። ሳይክሎክሮስ በቀጭን ጎማ፣ በጭቃና በሣር ላይ፣ እንቅፋት ሲገጥም ብስክሌቱን ትከሻ ላይ አድርጎ እየሮጡ የሚወዳደሩበት የአውሮፓ ስፖርት ነው። በዚያ ቀን ከሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ በስተደቡብ፣ ከኩፐርቲኖ ከተማ፣ ጥቂት ወጣቶች ማንም ያላየውን ነገር ይዘው መጡ። እንደ ሪፓክ ልጆች ብስክሌቶች ያሉ አሮጌ ባለ ወፍራም ጎማዎች ነበሩ፤ ግን የሚቀያየር ማርሽ ተገጥሞላቸዋል። የማርሹ መቀየሪያ እጅ መሪውን ሳይለቅ በአውራ ጣት እንዲነካ መሪው ላይ ታስሯል። ፍሬኑም በእጅ የሚያዝ የከበሮ ፍሬን ነው። ራሳቸውን ሞሮው ደርት ክለብ ብለው ይጠሩ ነበር። ከመካከላቸው ማርሹን በመግጠም ስሙ የሚነሳው ረስ ማሆን ነው።

ጆ ብሪዝ፣ ጋሪ ፊሸርና ቻርሊ ኬሊ በዚያ ውድድር ነበሩ፤ አዩ። ከዚያ በኋላ ፊሸር በራሱ አሮጌ ሽዊን ላይ ማርሽ ገጠመ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። የኩፐርቲኖ ልጆች ግን ወደ ሰፈራቸው ተመለሱ፤ አልሸጡም፣ አልጻፉም፣ ኩባንያ አላቋቋሙም። ብሪዝ ፈልጎ እስኪያገኛቸው ድረስ ለብዙ ዓመታት ስማቸውን የሚያውቅ አልነበረም። ይህን ታሪክ ሳነብ ሁልጊዜ ይቆጨኛል። የሪፓክን ክብር ለመቀነስ ፈልጌ አይደለም፤ ሰውን ያሰባሰበ፣ ዝናውንም ያወጣው ሪፓክ ነው። ዳሩ ግን እኛ ዛሬ በየሳምንቱ የምንወዳደረው ውድድር፣ ዳገቱን ኮርቻ ላይ ሆኖ የመውጣቱ ነገር፣ የመጣው ከማርሹ ነው። ማርሽ ባይገጠም ኖሮ ስፖርቱ ከመኪና ላይ የሚወርዱ ሰዎች ጨዋታ ሆኖ ይቀር ነበር።

ማርሹ ከገባ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። ብሪዝ በ1977 ለተራራ ተብሎ የተሠራውን የመጀመሪያውን አዲስ ብስክሌት ለራሱ ሠራ። በ1978 የማሪን ልጆች ወደ ኮሎራዶ ተጉዘው ከክሬስትድ ቢዩት ከተማ ሰዎች ጋር ከ3,800 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የፐርል ፓስን መተላለፊያ ተሻግረው አስፐን ገቡ። ከእነሱ ጋር ዌንዲ ክራግ ነበረች። ካሜራ ይዛ ትነዳ ስለነበር የዚያን ዘመን መልክ ያየነው በአብዛኛው በእሷ ፎቶግራፎች ነው። በ1979 ፊሸርና ኬሊ ቶም ሪቺ የሚሠራቸውን ብስክሌቶች የሚሸጥ ኩባንያ ከፈቱ። በ1981 ደግሞ ስፔሻላይዝድ የተባለው ኩባንያ ስተምፕጃምፐር የሚባለውን ብስክሌት በፋብሪካ አሠርቶ ለገበያ አቀረበ። ከዚያ ወዲያ ተራራው የጥቂቶች መሆኑ ቀረ።

ውድድሩም ደንብ ፈለገ። በ1983 ኖርባ የተባለው የተራራ ብስክሌት ማኅበር ተመሠረተ። ከጥንቶቹ ደንቦች እኔ የምወደው አንድ ነው፤ ተወዳዳሪ ብስክሌቱን ራሱ ይጠግናል፣ ከውጭ እርዳታ አይቀበልም። ጎማህ ከተበሳ ጎማውን የምታወጣው አንተ፣ ካላማደሪያውን የምትቀይረው አንተ፣ አየሩን የምትሞላው አንተ ነህ። ካቴና ከተበጠሰም እንዲሁ። በዚያ ዘመን ከማንም በላይ የገነነችው የማሪኗ ጃኪ ፌላን ናት፤ ከ1983 እስከ 1985 የአሜሪካ ሻምፒዮን ነበረች። እሷው ደግሞ ሴቶች ያለ ፍርሃት ተራራ ላይ መንዳት እንዲማሩ ክበብ አቋቋመች።

ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር የመጀመሪያውን የተራራ ብስክሌት የዓለም ሻምፒዮና በ1990 በዱራንጎ፣ ኮሎራዶ አካሄደ። በአገር አቋራጭ ከወንዶች ኔድ ኦቨረንድ፣ ከሴቶች ጁሊ ፈርታዶ አሸነፉ። በ1996 አትላንታ ላይ ስፖርቱ ኦሊምፒክ ገባ። ከወንዶች የሆላንዱ ባርት ብሬንቲየንስ በ2 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ከ38 ሴኮንድ፣ ከሴቶች የጣሊያኗ ፓኦላ ፔዞ በ1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ከ51 ሴኮንድ ወርቅ ወሰዱ። በ2024 ፓሪስ ላይ የእንግሊዙ ቶም ፒድኮክ በ1 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ከ22 ሴኮንድ አሸነፈ። እሱም በውድድሩ መሐል ጎማው ተበስቶ ነበር፤ ግን ባለሙያዎች ቆመው በሚጠብቁበት ቦታ ቸርኬውን ቀይረውለት ነው የተመለሰው። ያሳየው ጥንካሬ አስደናቂ ነው። ሆኖም የድሮው ደንብ ከኦሊምፒክ ቢወጣም ከሰፈር ውድድር አልወጣም፤ እኛን ቆሞ የሚጠብቀን ባለሙያ የለም።

የሰፈር ውድድር ምን እንደሚመስል ላላየ ሰው ልንገር። በጸደይ ወራት፣ ከባሕረ ሰላጤው በስተምሥራቅ ባሉት ኮረብታዎች፣ ሣሩ ገና አረንጓዴ ሳለ ነው። ሁላችንም በአንድ ጊዜ እንለቀቃለን፤ መንገዱ ሰፊ የሚሆነው እስከ መጀመሪያው ዳገት ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ መንገዱ የአንድ ሰው ነውና ከፊት ያለው ከወረደ ከኋላ ያለው ሁሉ ይወርዳል። ማርሹን ቀድሞ ያላቀለለ ሰው ካቴናው እየተንቋቋ ይቆማል። የዋርካ ያህል የሚሰፉት የኦክ ዛፎች ሥሮቻቸውን መንገድ ላይ ዘርግተዋል፤ የፊት ጎማ ካልተነሳላቸው ይጥላሉ። እላይ ሲደረስ ልብ ጆሮ ውስጥ ይመታል፤ ቁልቁለቱ ደግሞ ለማረፍ አይፈቅድም። ይህ አንድ ዙር ነው። በወጣትነቱ የአገር ደረጃ ተወዳዳሪ የነበረና ገና ባለፈው ወር ብስክሌት የገዛ ሰው እዚያው አንድ መስመር ላይ ይቆማሉ። ከመጨረሻው ሰው በኋላ አዘጋጁ ራሱ ገመዱን ይጠቀልላል።

ስፖርቱ የተወለደበት ማሪን ግን ለልጁ ፊት የነሳ አገር ነው። በ1980ዎቹ የእግረኞችና የፈረሰኞች ቅሬታ ሲበዛ በታማልፓይስ ተራራ ጠባብ መንገዶች ላይ ብስክሌት ተከለከለ። በሰፊዎቹም ላይ በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር የሚሆን የፍጥነት ገደብ ተጣለ። ከእግረኛ ጋር መስማማት ግዴታችን ነው፤ ያን ሁሉ መንገድ ለአርባ ዓመት ያህል መዝጋት ግን ፍትሕ አይመስለኝም።

ደግነቱ ዘሩ ሌላ ቦታ በቅሏል። በርክሌይ ከተማ፣ ከእኔ ቤት ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ማት ፍሪትዚንገር የተባለ መምህር በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የብስክሌት ቡድን መሠረተ። ከዚያ በ2001 የሰሜን ካሊፎርኒያ ትምህርት ቤቶች ሊግ ተቋቋመ፤ በ2009 ደግሞ ለአገር አቀፍ ድርጅት መነሻ ሆነ። እዚያ ተጠባባቂ ወንበር የለም፤ የተመዘገበ ልጅ ሁሉ ይወዳደራል። የእኛ አገር ሰዎች ልጆች ግን በመነሻው መስመር ላይ ብዙ አይታዩኝም።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር ሆኖ አይደለም። ኢትዮጵያ በ1956 ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትገባ ብስክሌተኞች ነበሯት፤ በቡድን 9ኛ ወጡ። በ2016 የመቀሌው ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። እነሱ ግን የአስፋልት ሰዎች ናቸው። በተራራ ብስክሌት ሌሎች አፍሪካውያን ቀድመውናል። ያ ለፊሸርና ለኬሊ ብስክሌት ይሠራ የነበረው ቶም ሪቺ በ2005 ሩዋንዳ ሄዶ፣ በዓመቱ እዚያ የብስክሌት ውድድር አዘጋጀ። ከዚያ ጥረት የወጣው አድሪያን ኒዮንሹቲ በ2012 ለንደን ላይ የአገሩን ባንዲራ ይዞ ገባ፤ በተራራ ብስክሌትም 39ኛ ወጣ። ደቡብ አፍሪካዊው አለን ሃዘርሊ በ2024 ፓሪስ ላይ ነሐስ አገኘ፤ በዚያው ዓመት የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

ለአገር አቋራጭ አስፋልት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ዳገት፣ ማርሽና ሰዓት የሚመዘግብ አንድ ባለ ደብተር ነው። ዳገቱ ከጦሳ እስከ እንጦጦ ሞልቷል። ስለዚህ በአገር ቤት ያላችሁ የብስክሌት ፌዴሬሽንና የክለብ ሰዎች፣ አንድ ኮረብታ ምረጡና ልጆቹን ሰብስቡ። እዚህ ያለን ወላጆች ደግሞ ልጆቻችንን በትምህርት ቤታቸው ቡድን እናስመዝግብ፤ ምዝገባው ለሁሉም ክፍት ነው።