የሙሲዬ ሲባጎና የቦዬ ዳክዬዎች

በሕይወቴ የተቀበልኩት የመጀመሪያ ደመወዝ አንድ ስሙኒ ነበር። የተከፈለኝም ሲባጎ ስለጎተትኩ ነው። ዘመኑ 1956 ዓ.ም.፣ ቦታው ከጅማ ከተማ ወጣ ብሎ የሚገኘው የቦዬ ረግረግ፣ አሠሪዬ ደግሞ ከወረራው በኋላ ወደ አገሩ ሳይመለስ የቀረ አንድ ጣሊያናዊ መካኒክ ነበር። ጣሊያኖች ጅማን በ1929 ዓ.ም. ይዘው የደቡብ ምዕራቡ ግዛታቸው መቀመጫ አደረጓት፤ በ1933 ዓ.ም. ተሸንፈው ሲወጡ ጥቂቶቹ ሙያቸውን ይዘው እዚያው ቀሩ። የእኛም ሰው ከእነዚህ አንዱ ነው። ስም ነበረው፤ ግን ማንም አይጠራውም። ለፈረንጅ ሁሉ የተሰጠው «ሙሲዬ» የሚለው መጠሪያ ለእሱም በቅቶት ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። ሙሲዬ በገዛ እጁ ጠርቦ ቀለም የቀባቸው አራት የእንጨት ዳክዬዎች ነበሩት። ሦስቱ በድንጋይ ታስረው ውሃው ላይ ይንሳፈፋሉ። የአራተኛው ሆድ ሥር ግን ቀለበት አለ፤ ከቀለበቱ የተነሣው ሲባጎ ውሃው ውስጥ በተተከለ ካስማ በኩል ዞሮ እኔ ቄጠማ ውስጥ እስከተደበቅኩበት ድረስ ይመጣል። ሙሲዬ በጣቱ ሲጠቁመኝ ሲባጎውን ሳብ አድርጌ እለቀዋለሁ። እንጨቱ ደፋ ቀና ይላል፤ ዙሪያውን ክብ ክብ ሞገድ ይረጫል። ነፋስ ባለበት ቀን ብዙም አያስፈልገኝም ነበር፤ ነፋሱ ራሱ አራቱንም ያወዛውዛቸዋል። ውሃው እንደ መስተዋት በሚረጋበት ጧት ግን ሙሲዬ ሳይነጋ ከቤታችን በር ይደርሳል። «ውሃ ተኛ፣ ዳክዬ ሄደ» ይለኝ ነበር በዚያ በተሰባበረ አማርኛው።

ነገሩን ላስተዋለ ሰው እውነቱን ነው። ዳክዬ ውሃ ላይ ካረፈ በኋላ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ጭራውን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ጭቃ ይበረብራል፣ ላባውን ያበጥራል፣ ክንፉን ያራግፋል፣ ከጎረቤቱ ጋር ይጣላል። ከላይ ለሚያልፈው መንጋ ይህ ሁሉ ትርምስ እዚህ ሰላም ነው፣ ምግብም አለ የሚል ወሬ ነው። አንገቱን አቅንቶ ደርቆ የቀረ ዳክዬ ግን አንድ የሚያስፈራ ነገር ያየ ዳክዬ ነው። የማይንቀሳቀስ የእንጨት ዳክዬ የቱንም ያህል በጥሩ ቀለም ቢቀባ ሰማይ ላይ ላለው መንጋ የሚነግረው ይህንኑ ስጋት ነው። በሌላ በኩል የሰው ፊት ቀና ካለ ወይም እጅ ከተወራጨ መንጋው አየር ላይ እንዳለ ተገልብጦ ይሄዳል። ስለዚህ እንጨቱ እንዲንቀሳቀስ እኛ እንጨት መሆን ነበረብን።

ዘዴው የሙሲዬ ፈጠራ አልነበረም። ለንደን በሚገኘው የብሪታንያ ሙዚየም ውስጥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1350 ገደማ የተሣለ የግብፃዊው የነባሙን መቃብር ሥዕል አለ። ሰውየው በደንገል ታንኳ ቆሞ በአንድ እጁ የሚወረወር ዱላ፣ በሌላው እጁ እግራቸው የተያዙና ክንፋቸውን የሚያራግቡ ወፎች ይዟል። ብዙ ተመራማሪዎች እነዚያን ወፎች ሌሎቹን ለመሳብ የተያዙ ማታለያዎች ናቸው ይሏቸዋል። በሰሜን አሜሪካ፣ በኔቫዳ ዋሻ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1924 ከቄጠማ የተሠሩ፣ ላባ የለበሱ የዳክዬ ምስሎች ተገኝተዋል፤ ዕድሜያቸው ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ነው።

ለእኔ ከሁሉም የሚደንቀኝ የሆላንዶች ጥበብ ነው። በኩሬ ዳር ጠመዝማዛ ቦይ ይቆፍራሉ፤ ቦዩን በመረብ ይሸፍኑታል፤ ጠርዙን በሸምበቆ አጥር ይከልሉታል። ቀበሮ የሚመስል ቀላ ያለ ትንሽ ውሻ በአንዱ አጥር ብቅ ብሎ በሌላው ይሰወራል። ዳክዬዎቹ ጠላታቸው የት እንደገባ ለማየት ተከትለውት ወደ ቦዩ ይዋኛሉ። ውሻው ባጠረ ቁጥር እነሱ ይጠጋሉ። መጨረሻ ላይ ሰውየው ከኋላቸው ብቅ ሲል ደንብረው ወደፊት፣ ወደ መረቡ ጫፍ ይበራሉ። የእንግሊዙ ንጉሥ ዳግማዊ ቻርልስ ይህንኑ እ.ኤ.አ. በ1665 በለንደን መናፈሻው አሠርቶ ነበር። ዳክዬን በፍርሃቱ ሳይሆን በጉጉቱ መያዝ! የሙሲዬም አገር ሰዎች ከዚህ የማያንስ ተንኮል ነበራቸው፤ የመስተዋት ስብርባሪ የተለጠፈበትን እንጨት በሲባጎ እያሽከረከሩ በብልጭታው ሎርክ የምትባለውን ትንሽ ወፍ ከሰማይ ያወርዳሉ። «የሎርክ መስተዋት» ዛሬም በጣሊያንኛ የማታለያ መጠሪያ ነው።

ዘመኑ ሲለወጥ ሲባጎው ለባትሪ ቦታውን ለቀቀ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ክንፉ በሞተር የሚሽከረከር፣ አንድ ወገኑ ነጭ ሌላው ጥቁር የሆነ የዳክዬ ምስል ገበያ ላይ ዋለ። ብልጭታው ሊያርፍ ክንፉን የሚያራግብ ዳክዬ ይመስላል። ዘዴው ከመጠን በላይ ሠራ ተብሎ አንዳንድ ክፍላተ አገራት ከለከሉት ወይም ገደብ አበጁለት። አሜሪካኖች እኮ በሕይወት ያለ ዳክዬን አስሮ ለማታለያ መጠቀምን ገና እ.ኤ.አ. በ1935 አግደው ነበር።

በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ሕግ ያስፈለገው አልነበረም። በጅማና በከፋ ምድር ዝሆን፣ ጎሽ፣ አንበሳ የገደለ ይፎክር ነበር፤ ግዳይ የጣለ ጀግና ጆሮው ላይ ሎቲ ያንጠለጥል ነበር። ዳክዬ ገደልኩ ብሎ የፎከረ ግን አልሰማሁም። ክርስቲያኑ እግሩ ድፍን ነው ብሎ አይበላውም። ሙስሊሙ ጎረቤታችን ሥጋው ባይከለከልም ቢስሚላህ ተብሎ ቢላዋ ያልነካውን አይነካም። እናም የቦዬ ምንቃረ ቢጫ ዳክዬዎች፣ ፊተ ነጭ ፉጨተኞች፣ ያ የነባሙን ዘመድ የሆነው የግብፅ ዝይም ጭምር፣ በከብቶችና በእረኞች መካከል ያለ ሥጋት ይውሉ ነበር። ለሙሲዬ ሲባጎ ቶሎ የተታለሉትም ለዚህ ይመስለኛል፤ የሚጠረጥሩበት ምክንያት አልነበራቸውም።

ስሙኒውን የተቀበልኩ ዕለት አንዲቱ ዳክዬ ወዲያው አልሞተችም። ክንፏ ተሰብሮ የእኔን እንጨት ዳክዬ እየዞረች ትጮህ ነበር። ሙሲዬ እስኪደርስባት እኔ ሲባጎውን መልቀቅ ረስቼ እጄ ላይ እንደተጠመጠመ ቀረሁ። ቤት ገብቼ ለእናቴ ስነግራት ስለ ገንዘቡ አልጠየቀችኝም። «አንተ ልጅ፣ ጠርተሃት ነው የመጣችው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «ጠርተህ አስገደልካት?» ብላ ዝም አለች። ስሙኒው መደርደሪያው ላይ ሳምንት ሙሉ ተቀምጦ ከረመ፤ ማን እንደወሰደው ዛሬም አላውቅም። ወደ ሙሲዬ ተመልሼ አልሄድኩም።

በዚያው ክረምት ማብቂያ ዘመዶቻችን ዘንድ አጋሮ ተላክሁና የበቆሎ ማማ ላይ ወጣሁ። እዚያ ደግሞ ሥራዬ ተቃራኒው ሆነ፤ ወንጭፍ ማጮህ፣ ቆርቆሮ የተንጠለጠለበትን ገመድ መጎተት፣ ወፍ ማባረር። ማሳው መካከል አሮጌ ኮት የለበሰ ማስፈራሪያ ቆሞ ነበር። ሁለት ቀን ተፈራ፤ በሦስተኛው ቀን ርግብ ትከሻው ላይ አረፈች። ገመዱን ሳወዛውዝ ግን መንጋው በሙሉ ብድግ ይላል። ቦዬ ላይ የጎተትኩትም ሆነ አጋሮ ላይ የጎተትኩት ያው ሲባጎ ነው፤ አንዱ ይጠራል፣ ሌላው ያባርራል።

ከአውሮፓና ከሩሲያ የሚፈልሱት ዳክዬዎች፣ ጭራቸው የሾለውና ምንቃራቸው አካፋ የሚመስለው፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ወደ አገራችን ይገባሉ። ይህ ወቅት ቡና መቅላት የሚጀምርበትም ወቅት ነው። በጎማና በሊሙ ወንዞች ዳር የተተከሉት የእሸት ቡና መፈልፈያና ማጠቢያዎች ሥራ ሲጀምሩ ብዙ ውሃ ይወስዳሉ፤ ገለፈቱና አተላው ወንዝ ሲገባ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሳል። እንግዶቹ ዳክዬዎች ሲመጡ የሚያገኙት ይህን ነው። ቦዬ ራሱ በአዌቱ ወንዝ በኩል የከተማውን ቆሻሻ ይቀበላል፤ ጨፌው ለሸክላ ጡብ ተቆፍሯል፣ ባሕር ዛፍ ተተክሎበታል፣ ለእርሻ ተንጣፍፏል። እነሆ፣ ጥይት ያላሸነፈውን ዳክዬ አካፋ እያሸነፈው ነው። በሌላ በኩል በ1996 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የግልገል ግቤ ግድብ ከጅማ በስተሰሜን ምሥራቅ ሰፊ ሐይቅ ፈጥሯል፤ የውሃ ወፎችም እያረፉበት ነው። ይሁን እንጂ ጥልቅ ውሃ የጨፌን ቦታ አይተካም፤ ጭራውን ሰቅሎ ጭቃ ለሚበረብር ዳክዬ ጥልቀት ምኑ ነው?

ባለፈው ዓመት ቦዬ ሄጄ ነበር። ጡብ የተቆፈረበት ጉድጓድ ውሃ አቁሮ ሁለት ምንቃረ ቢጫ ዳክዬዎች ይዋኙበታል። ውሃው ረግቷል፤ የሚያንቀሳቅሱት እነሱ ብቻ ናቸው። ከጉድጓዱ አፋፍ ተቀመጥኩ፤ ልማድ ሆኖብኝ ጭራሽ አልተንቀሳቀስኩም። ሦስት ላሞች የሚጠብቅ ልጅ ጅራፉን አንገቱ ላይ አድርጎ አጠገቤ መጥቶ ቆመ።

«አባባ፣ ምን እያዩ ነው?»

«ዳክዬዎቹን።»

ልጁ ወደ ውሃው አየ፤ ቀጥሎ ወደ እኔ አየ።

«ይበላሉ እንዴ?»

«አይበሉም» አልኩት።

«ታዲያ ምን ያደርጉልዎታል?» አለኝና ወደ ላሞቹ ሮጠ። ዳክዬዎቹ ግን ከቦታቸው አልተነሡም።