ከካርድ ሣጥን እስከ ድረ ገጽ፦ የዕውቀት አደራደር ታሪክ

የሰው ልጅ የጻፈውን ከማኖር ይልቅ ያኖረውን መልሶ ማግኘት ሲያስቸግረው መኖሩን የቤተ መጻሕፍት ታሪክ ያስረዳል። ዛሬ አንድ ተማሪ በእጅ ስልኩ ላይ ጥቂት ቃላት ጽፎ በቅጽበት መልስ ሲያገኝ፣ ከዚያች ቅጽበት በስተጀርባ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ክርክር መኖሩን ልብ አይልም። ክርክሩም ዕውቀትን የሚደረድረው ማን ነው፣ መመዘኛውስ ምንድን ነው የሚል ነው።

ሜልቪል ዲዊ የተባለው አሜሪካዊ በ1876 ዕውቀትን ሁሉ በዐሥር ክፍል ሸንሽኖ በቁጥር መደበው። (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዘመኑ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ምደባው ለሥራ የተመቸ ስለ ነበር በብዙ አገር ተስፋፋ። ይሁን እንጂ ለሃይማኖት ከተሰጠው ከ200 እስከ 299 ካለው ቁጥር አብዛኛውን ለክርስትና አድርጎ፣ እስልምናን፣ ቡዲዝምንና የቀሩትን የዓለም ሃይማኖቶች በ290ዎቹ ውስጥ አጭቋቸዋል። መደርደሪያውም የደርዳሪውን ዓለም ይመስላል።

በዚህ ታሪክ ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወስ የሚገባው ግን ቤልጅየማዊው የሕግ ባለሙያ ፖል ኦትሌ ነው። ኦትሌ ከወዳጁ ከአንሪ ላ ፎንቴን ጋር በ1895 በብራስልስ ዓለም አቀፍ የመጻሕፍት ዝርዝር ተቋም አቋቋመ። ዓላማቸው በዓለም ላይ የታተመውን ሁሉ በትናንሽ ካርዶች መመዝገብ ሲሆን፣ ካርዶቹ ከጊዜ በኋላ ከ12 ሚሊዮን በላይ ደረሱ። ጥያቄ በፖስታ ይመጣል፤ ሠራተኞች መሳቢያውን እየሳቡ ካርዱን ይፈልጋሉ፣ ይገለብጣሉ፣ ክፍያ ተቀብለው መልሱን ይልካሉ። ኦትሌ በ1934 ስለ ሰነድ አያያዝ ባሳተመው መጽሐፍ፣ አንባቢ ከጠረጴዛው ሳይነሣ በስልክ ጠይቆ የሚሻውን ገጽ በስክሪን ላይ የሚያነብበትን ዘመን አስቀድሞ አሰበ። በዚያው ዓመት መንግሥት ተቋሙ ይገለገልበት የነበረውን አዳራሽ ዘጋው። በ1940 ብራስልስን የያዙት ናዚዎች ደግሞ የራሳቸውን የሥነ ጥበብ ኤግዚቢሽን ለማሳየት ቦታውን ሲያስለቅቁ፣ ከስብስቡ ብዙውን አጠፉት። ለሥዕል መስቀያ ግድግዳ ሲባል የዕውቀት ማውጫ መጥፋቱ ለኪነ ጥበብ ወዳጅ መራራ ነገር ነው። ከጥፋት የተረፈው ዛሬ ሞንስ በተባለችው ከተማ በሙዚየም ይታያል።

ቫኔቫር ቡሽ በ1945 ዕውቀት በክፍልና በቁጥር ሳይሆን እንደ ሰው ሐሳብ ከነገር ወደ ነገር በመያያዝ ሊገኝ ይገባል አለ። ይህን ሐሳብ በ1989 ቲም በርነርስ ሊ በጄኔቭ አጠገብ በሚገኘው የምርምር ማዕከል ሥራ ላይ ለማዋል የድርን ዕቅድ አቀረበ። ድሩ ሲሰፋ ግን የዲዊ ጥያቄ ተመልሶ መጣ። በ1994 የተጀመረው ያሁ ድረ ገጾችን በሰው እጅ በየክፍሉ ይመድብ ነበር፤ ገጾቹ ከመዳቢዎቹ ዐቅም በላይ ሆኑና ማውጫው በ2014 ተዘጋ። በ1998 የተቋቋመው ጉግል ደግሞ ብዙ ገጾች የሚያመለክቱትን ገጽ አስቀደመ። ፈጣን ነው፤ ነገር ግን የዲዊን ቁጥር ማንም ገልጦ ሊከራከርበት ሲችል፣ የዛሬው ቀመር ዝርዝሩ የኩባንያው ምሥጢር ነው። በዚህ ረገድ ወደ ኋላ ተመልሰናል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በእኛም ቋንቋ ይኸው ክርክር ሥር አለው። በ1948 ዓ.ም. የታተመው የኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት የተለመደውን የሀ ሁ ተራ ትቶ በአ በ ገ ደ ተራ ተደረደረ። ቃላቱንም በሥራቸው ይሰበስባል። ስለዚህ የቃሉን ሥር የማያውቅ ሰው መጽሐፉን በእጁ ይዞ ቃሉን ያጣዋል፤ የሚያውቅ ደግሞ አንዱን ሲፈልግ ዘመዶቹን ሁሉ ያገኛል።

ኮምፒዩተር በመጣ ጊዜ እያንዳንዱ የፊደል ፕሮግራም የራሱን ኮድ ስለ ተከተለ፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም ነበር። በ1999 ፊደላችን በዩኒኮድ ውስጥ ስፍራ ሲያገኝ ይህ ችግር መፍትሔ አገኘ። ይሁን እንጂ ለእያንዳንዱ ሞክሼ ፊደል የየራሱ ኮድ ስለ ተሰጠው፣ በጆሮ አንድ የሆነው ቃል ለመሣሪያው ብዙ ሆነ። ሞክሼዎችን አንድ አድርጎ እንዲያይ ባልተሠራ መፈለጊያ «ሠዓሊ» ብሎ የሚጠይቅ መምህር፣ ሌሎች «ሰዓሊ»፣ «ሠአሊ» ወይም «ሰአሊ» ብለው የጻፉትን ሁሉ ሳያይ ይቀራል፤ ያላየው መኖሩንም የሚነግረው የለም።