የድጓ ምልክትና ሁለቱ አዛዦች

የድጓ ምልክት ድጓ በተባለው የዜማ መጽሐፍ ከግዕዙ ንባብ በላይ በደቃቅ ጽሕፈት የሚሰፍር፣ ቃሉ በምን ዜማ እንደሚባል የሚያመለክት ሥርዓት ነው። ንባቡን ግን አይነካም። ዜማ ያልተማረ ሰው ግዕዝ ማንበብ ከቻለ ያንኑ ገጽ ከፍቶ በንባብ ይወጣዋል፤ ባለድጓው ደግሞ ከዚያው ገጽ ላይ ድምፁ የት እንደሚወጣ፣ የት እንደሚወርድና የት እንደሚቆረጥ አይቶ ያዜመዋል። በጉለሌ ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ በጫኑባት በእንጦጦ ማርያም ማኅሌት ሲቆም የሚሰማው ዜማ በዚሁ ሥርዓት ተጽፎ የኖረ ነው። ሊቃውንቱ በቃላቸው ስለሚያዜሙት ምእመኑ ምልክቱን የማየት ዕድል እምብዛም የለውም።

የድጓ ብራና ሲዘጋጅ ጸሐፊው ዳርና ዳሩን በወስፌ ይወጋና ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳ መስመር ያሰምራል። ከመስመሮቹ መካከል ለምልክቱ የሚሆን ቦታ መተው አለበት፤ ካልተወ ገጹ ለባለዜማ አይሆንም። ንባቡ በጥቁር ቀለም ይጻፋል፤ አርእስትና የቅዱሳን ስም በቀይ ይገባል፤ ቃል ከቃል በሁለት ነጥብ፣ ዐረፍተ ነገር በአራት ነጥብ ይለያል። ይህ ሁሉ በማንኛውም የግዕዝ መጽሐፍ የሚገኝ ነው። ድጓን ልዩ የሚያደርገው ከንባቡ በኋላ የሚመጣው ሥራ ነው። ጸሐፊው ብዕሩን አቅጥኖ በቃላቱ አናት ላይ ምልክቶቹን ይደረድራል፤ እጁ ቢስትና ምልክቱ ከአንድ ፊደል ወደ ቀጣዩ ቢሻገር ስሕተቱ በአዜመው ሰው ጉሮሮ ውስጥ ይወጣል።

ምልክቶቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ቅርጾች ሲሆኑ ስምንት ናቸው፦ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደትና ቁርጥ። ይዘት አንዲት ነጥብ ናት፤ ርክርክ የተደረደሩ ነጥቦች ነው፤ የቀሩት ከሰረዝና ከቅስት የተሠሩ ናቸው። በእነዚህ ላይ ድርስና አንብር ተጨምረው አሥር ይሆናሉ። ሁለቱ ግን ቅርጽ የላቸውም፤ ድርስ በ«ስ»፣ አንብር በ«ር» ፊደል ነው የሚጻፉት።

ሁለተኛው ዓይነት ይበልጥ የረቀቀ ነው። ዜማው በደንብ ከሚታወቅ ከአንድ ስንኝ አንድ ወይም ጥቂት ፊደላት ይወሰዱና ከሌላ ንባብ በላይ ይቀመጣሉ። ባለድጓው እነዚያን ፊደላት ሲያይ የወጡበትን ስንኝ ያስታውሳል፤ በእርሱም ዜማ አዲሱን ቃል ያዜማል። በዚህ ስልት በመቶዎች የሚቆጠሩ ምልክቶች አሉ። ስንኙን ከመምህሩ አፍ ያልተቀበለ ሰው ፊደላቱን እያየ ምንም አያገኝባቸውም። ምልክቱ ዜማውን አይተርክም፤ የት እንዳለ ይጠቁማል እንጂ።

ይህን ሁሉ ማን ሠራው? በየዓመቱ ግንቦት 11 ቀን የቅዱስ ያሬድ በዓል ሲከበር አብሮ የሚነሣ ጥያቄ ነው። ያሬድ በ6ኛው ክፍለ ዘመን በአክሱም፣ በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመን እንደነበረ፣ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን ሦስቱን የዜማ ዓይነቶች እንደደረሰ ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች። ብዙዎች ከዜማው ጋር ምልክቱንም ለእርሱ ይሰጣሉ። አንዳንዶች ደግሞ ስምንቱን ቅርጾች የያሬድ፣ ድርስንና አንብርን የኋላ ሊቃውንት ያደርጓቸዋል።

«አጭሩ ዜና መዋዕል» የተባለው የነገሥታት ታሪክ ግን ሌላ ነገር ይላል። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559 እ.ኤ.አ.) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ በዜማ የበቁ ካህናት ተነሥተው የድጓን ዜማ ሥርዓት ማውጣት እንደጀመሩና ንጉሡ ያሠሯትን የተድባበ ማርያምን ካህናት እንዳስተማሩ ይናገራል። ተድባበ ማርያም በወሎ ሳይንት የምትገኝ ደብር ናት።

ዘመኑን ማጤን ይጠቅማል። ከ1529 እ.ኤ.አ. የሽምብራ ኩሬ ውጊያ ጀምሮ ግራኝ አሕመድ በ1543 ወይና ደጋ ላይ እስከወደቀ ድረስ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፤ መጻሕፍትና መምህራን አልቀዋል። ዜማ በአፍ ብቻ ሲተላለፍ መምህሩ ሲሞት አብሮት ይሄዳል። ከዚያ ጦርነት በኋላ ዜማውን በጽሑፍ ለመያዝ መነሣሣት የሚጠበቅ ነው። የብራናዎቹ ምስክርነትም ወደዚሁ ያደላል፤ ኬይ ካውፍማን ሸለመይና ፒተር ጀፈሪ የተባሉ የሙዚቃ ታሪክ አጥኚዎች በ1993 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት እንደታየው የተሟላ ምልክት ያላቸው የዜማ መጻሕፍት ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ የተጻፉት ናቸው። ዜማው የያሬድ፣ ጽሕፈቱ የጌራና የራጉኤል ቢባል የያሬድን ክብር የሚቀንስ አይመስልም። ድርስና አንብር በፊደል መጻፋቸውም ከሁለተኛው ስልት ጋር ያዛምዳቸዋል።

ስለ ሁለቱ ሰዎች ዜና መዋዕሉ ብዙ አይልም። አዛዥ የቤተ መንግሥት ማዕረግ ስለሆነ ለንጉሡ ቅርብ እንደነበሩ መገመት ይቻላል። ከእነርሱ ወዲህ ቤተልሔም፣ ቆማ፣ አጫብርና ተጉለት የተባሉ የዜማ ቤቶች የየራሳቸውን የዜማ ይትበሃል ይዘው ቀጠሉ፤ ለድጓ ምስክርነት ግን ተማሪው ዛሬም ወደ ጋይንት፣ ወደ ቤተልሔም ይሄዳል።

ንባቡን ሳይረብሽ መልኩን የሚናገር ምልክት የማኖር ሐሳብ በኮምፒዩተር ዘመን እንደገና ብቅ ብሏል። በ2004 እ.ኤ.አ. ጆን ግሩበር ማርክዳውን የተባለውን አጻጻፍ አወጣ፤ በኮከብ የታጠረ ቃል አጽንዖት ያገኛል፣ በመሰላል ምልክት የጀመረ መስመር ርእስ ይሆናል፣ ጽሑፉ ግን እንዳለ ይነበባል። ቴሌግራም ላይ ቃሉን በሁለት ሁለት ኮከብ አጥሮ የሚያደምቅ የጉለሌ ወጣትም በዚሁ መንገድ ይሄዳል።

የድጓ ምልክቶች ራሳቸው በ2005 እ.ኤ.አ. በወጣው በዩኒኮድ 4.1፣ በኮምፒዩተር ፊደላት መዝገብ፣ ዓለም አቀፍ ቁጥር አግኝተዋል። ቁጥር የተሰጣቸው አሥር ናቸው፤ ስምንቱ ቅርጾች፣ አጭር ርክርክና ደረት ሂደት። ድርስና አንብር ከመዝገቡ የሉም፤ «ስ» እና «ር» ቀድሞውንም ከፊደሉ ጋር ገብተው ነበርና።