አሞሌው ያላመጣው

ከአፋር በረሃ፣ አርሆ ከሚባለው የጨው ሜዳ ተጠርቦ የሚወጣው አሞሌ ጎጃም ሲደርስ ከጨውነቱ ይልቅ ገንዘብነቱ ያይል ነበር። ከምንጩ በራቀ ቁጥር ዋጋው ስለሚወጣ፣ ሲራራ ነጋዴው በግመልና በበቅሎ እያፈራረቀ ደጋውን አቋርጦ አባይ ዳር ድረስ ቢያመጣውም አይከስርም። እንግሊዛዊው ቻርለስ ቤክ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ ጎጃም በቆየባቸው ጊዜያት የጁቤ አጠገብ የነበረውን የባሶ ገበያ ተመልክቶ ጽፎለታል። ከአባይ ማዶ የሚመጣው ወርቅ፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስና ቡና፣ ሊካድ የማይገባው ባሪያም ጭምር፣ በአሞሌና በማርትሬዛ ብር ይለወጥ ነበር። ወደ ሆሮና ጉድሩ የሚሻገረው መንገድ የሚያልፍባት ቡሬም ከዚሁ ንግድ ተቋድሳለች። ይህን የኢኮኖሚ ታሪክ ጸሐፊዎች ደጋግመው ነግረውናል። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው፤ ያ ሁሉ ጨው ወደ ምዕራብ ጎጃም ሲጋዝ ለገበሬው አንጎል ምን ይዞለት መጣ? ምንም አላመጣለትም ብዬ አምናለሁ። የአካባቢው የአእምሮ ጤና ታሪክ ሲነገርም ይህ ጉድለት ከዛርና ከልክፍት፣ ከሐዘንና ከድህነት ጎን ቦታ ሊሰጠው ይገባል እላለሁ።

ጉድለቱ የአዮዲን ነው። አዮዲን በተፈጥሮ የሚበዛው በባሕር ውስጥ ሲሆን፣ በየብስ ያለው በአፈሩ የላይኛው ሽፋን ውስጥ የሚገኝ ጥቂት መጠን ነው። ለብዙ ሺህ ዓመታት ክረምት በመጣ ቁጥር አፈሯን ለአባይ የምትገብር ደጋ ይህን ጥቂት ሀብቷን ታጣለች። አፈሩ ካጣ በቆሎውም፣ ጤፉም፣ ዳጉሳውም፣ ሣሩን የምትግጠው ላም ወተትም ያጣሉ። የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ገጠር ለምለም ነው፤ እህል ለሌላው ይተርፋል። ለዚህም ነው ነገሩ ለዓይን የማይገለጠው። ሰው ጠግቦ እየበላ አንድ ነገር ብቻ ይጎድለዋል። አሞሌው የጥንት ባሕር ደርቆ የተወው ጨው ስለሆነ የባሕሩን አዮዲን ይዞ ይመጣል ብሎ መገመት ይቻል ነበር። ነገር ግን ጨው ሲረጋ አዮዲኑ አብሮት አይረጋም፤ ከውኃው ጋር ይቀራል ወይም ወደ አየር ይበናል። ስለዚህ ከቀይ ባሕር ጠረፍ ተነሥቶ የመጣ ጨው እንኳ የጎጃምን ጉድለት አልሞላም።

አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ እጢ ከአዮዲን ታይሮክሲን የተባለውን ሆርሞን ይሠራል። እያንዳንዱ የታይሮክሲን ሞለኪውል አራት የአዮዲን አተም ይዟል፤ በአንጎል ውስጥ አንዱ ተነቅሎ ባለ ሦስቱ ሲቀር ነው ዋና ሥራውን የሚሠራው። ሆርሞኑ በደም ውስጥ ሲያንስ ከአንጎል ሥር ያለው የፒቱታሪ እጢ ይህን ያውቅና ሌላ ሆርሞን በመላክ ታይሮይዱን ይቀሰቅሰዋል፤ ታይሮይዱም የተገኘችውን አዮዲን ሁሉ ለመልቀም ሲታገል ያብጣል። እንቅርት የምንለው ይህ ነው። በአዋቂ ሰው ላይ ትግሉ ካልተሳካና ሆርሞኑ በእርግጥ ካነሰ ሐሳብ ይዘገያል፣ ድካምና ብርድ ይበረታል፣ ማስታወስ ይከብዳል፣ ድባቴ ይመጣል። አንዳንዴም ከዚህ አልፎ ሰውየው የሌለ ነገር ያያል፣ የሌለ ድምፅ ይሰማል። እንግሊዛዊው ሐኪም ሪቻርድ አሸር እ.ኤ.አ. በ1949 በዚህ ምክንያት አእምሯቸው የታወከ 14 ሕሙማን ታሪክ ሲያሳትም፣ ከእነዚህ ብዙዎቹ የታይሮይድ ሆርሞን ተሰጥቷቸው ወደ ልባቸው እንደተመለሱ አሳይቷል። ከሁሉ የከፋው ግን ጉዳቱ ገና ያልተወለደውን ሲያገኝ ነው። በእርግዝናው መጀመሪያ ወራት ጽንሱ የራሱን ሆርሞን አይሠራም፤ የሚኖረው በእናቱ ነው። የነርቭ ሴሎች ከተፈጠሩበት ተነሥተው ወደ ቦታቸው የሚጓዙት፣ ቆይቶም እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስ የሚለብሱት በዚሁ ሆርሞን ትእዛዝ ነው። ያ ጊዜ ካለፈ በኋላ የሚሰጥ አዮዲን የቀረውን መልሶ አይሠራውም። ጉድለቱ ከጠና ልጁ መስማት የተሳነው፣ የማይናገር፣ እግሩ የተሳሰረና አእምሮው ያልዳበረ ሆኖ ሊወለድ ይችላል፤ ቀለል ሲል ደግሞ ማንም በሽታ ነው የማይለው የትምህርት ዳተኝነት ይሆናል።

ይህ በአገራችን የቆየ ነገር ለመሆኑ ማስረጃው በቋንቋውም በቆዳውም ላይ አለ። መከራ በመከራ ላይ ሲደረብ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚል ሕዝብ እንቅርትን በየመንደሩ የሚያየው ሕዝብ ነው። ሴቶች አንገታቸውን በክብ በክብ ይነቀሱ የነበረው ለውበት ብቻ ሳይሆን እብጠቱን ይከላከላል፣ ያጠፋልም ተብሎ ጭምር ነበር። ቁጥሩ የመጣው ቆይቶ ነው። ከመላው ኢትዮጵያ 35,635 ተማሪዎችን የመረመረውና እ.ኤ.አ. በ1993 ውጤቱ የታተመው ጥናት 30.6 በመቶ በሚሆኑት ላይ እንቅርት አገኘ። ወደ ራሳችን ቀዬ ስንቀርብ ይብሳል፤ በቡሬና በወምበርማ ገጠር ከ6 እስከ 12 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ጥናት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እንቅርት እንዳለባቸው አሳየ። ከግማሽ በላይ! አንድ ክፍል ውስጥ እንቅርት የሌለበት ልጅ ጥቂቱ ወገን ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ተገቢ ተቃውሞ ይነሣል። እንቅርት ያለበት ሁሉ አእምሮው የደከመ ነው ማለት ሐሰት ነው፤ ነውርም ነው። እጢው ያበጠው ሆርሞኑን ለማሟላት ሲታገል ስለሆነ ብዙ ሰው እንቅርት እያለበት የደሙ ሆርሞን ልክ ሆኖ ይገኛል። ቅኔ ሲቆጥሩ ያደሩ፣ ችሎት ፊት የሚረቱ፣ ንግድ ካቀኑ የጎጃም ሰዎች መካከል ባለ እንቅርት ስንት እንደነበሩ ማን ያውቃል! ስለዚህ መረጃው የሚናገረው ስለ አንድ ግለሰብ አይደለም፤ ስለ ማኅበረሰቡ ነው። በአካባቢው እንቅርት ሲበዛ፣ በማይታየው ማኅፀን ውስጥ የሚጎዳው ልጅም ይበዛል። ሌላው ተቃውሞ የአእምሮ ሕመምን ሁሉ ወደ አንድ እጢ ማውረድ አይቻልም የሚል ነው። ይህንንም እቀበላለሁ። ልጅ መቅበር፣ መሬት ማጣት፣ ጦርነት፣ የዘር ተጋላጭነት የየራሳቸው ድርሻ አላቸው፤ ጠበል ቦታ ከሚሄደው ሕመምተኛ የብዙው ችግር ከታይሮይድ ጋር አይገናኝም። ሆኖም የእኔ ክርክር ሁሉንም ይገልጣል የሚል አይደለም። በአስተዳደግ፣ በስንፍና ወይም በመንፈስ ሲሳበብ ከኖረው ውስጥ በጨው ሊቀር የሚችል ድርሻ ነበረ ነው የምለው። ሊቀር የሚችለውን መከራ ከማይቀረው ጋር ደባልቆ መቁጠር ለሕመምተኛው አይበጅም።

«አባቶቻችን በተፈጥሮ ጨው ኖረዋል፤ ከፋብሪካ የሚጨመርበት ምን ያስፈልጋል?» የሚሉም አሉ። ከላይ ያነሣሁት ታሪክ ለዚህ መልስ ነው፤ አባቶች በተፈጥሮው ጨው ኖረዋል፣ ከእንቅርቱም ጋር አብረው ኖረዋል። እንደኛው ተራራማ የሆነችው ስዊዘርላንድ ሸለቆዎቿ በእንቅርትና ከልጅነት በሚጀምር የአእምሮ ጉዳት የታወቁ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1922 በጨው ላይ አዮዲን መጨመር ከጀመረች በኋላ በዚህ ምክንያት የተጎዳ ልጅ መወለዱ በአንድ ትውልድ ጊዜ ውስጥ ቀረ። የእኛ ታሪክ የተሰነካከለው ባለማወቅ ብቻ አይደለም። አብዛኛው የገበታ ጨዋችን አዮዲን እየተጨመረበት ከአሰብና ከምጽዋ ይመጣ ነበር፤ በ1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲነሣ መንገዱ ተዘጋ፣ ገበያው በአፋር ወዳለው አፍዴራ ዞረ። ከአፍዴራ የሚወጣው ጨው ለዓመታት አዮዲን አልነበረውም። በ2003 ዓ.ም. የተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የሚጠቀመው ቤተሰብ 15 በመቶ ብቻ መሆኑን አሳየ። በዚያው ዓመት የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ቁጥር 204/2003 ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት አስገደደ፤ በ2008ቱ ጥናት ድርሻው 89 በመቶ ደረሰ። ትልቅ ለውጥ ነው፤ ግን ጨው አዮዲን አለው ማለትና የሚበቃ አዮዲን አለው ማለት አንድ አይደለም። በተከፈተ ጆንያ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅበት፣ ባለቤቲቱም ቆሻሻውን ልታስወግድ ስታጥበው፣ ወጡ ገና ሲጣድ ተጨምሮ ሲንተከተክ አዮዲኑ ይቀንሳል።

አዮዲን ራሱ ይጎዳል የሚሉት ፍርሃታቸው ከባዶ አልተነሣም። የጄኔቫው ሐኪም ዣን ፍራንሷ ኳንዴ እ.ኤ.አ. በ1820 እንቅርትን በአዮዲን ማከም ሲጀምር፣ ከታካሚዎቹ ጥቂቶቹን ልባቸው በኃይል መምታት፣ መርበትበትና መክሳት እንደጀመራቸው አየ። ለዓመታት ያበጠ እጢ ድንገት አዮዲን ሲያገኝ ሆርሞን ያለ ልክ ያመነጫልና፤ ያ ሰው ይጨነቃል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ይቆጣል። ይህ በተለይ በዕድሜ በገፉ ባለ እንቅርት ሰዎች ላይ ይታያል፣ ይታከማልም። ስለዚህ የጨውን መጠን መቆጣጠርና በየጤና ተቋሙ የታይሮይድ ምርመራ እንዲገኝ ማድረግ የፍርሃቱ ትክክለኛ መልስ ነው፤ ጨውን ባዶውን መተው አይደለም። ለነፍሰ ጡሮች ብቻ በጤና ኬላ ክኒን ቢሰጥ አይበቃም ወይ ለሚለውም ጊዜው ራሱ መልስ ይሰጣል። አዋቂ በቀን የሚያስፈልገው 150፣ ነፍሰ ጡር ደግሞ 250 ማይክሮ ግራም ነው፤ በዕድሜ ልክ ቢደመር አንድ የሻይ ማንኪያ የሚሞላ ነገር ነው። ነገር ግን የጽንሱ አንጎል መገንባት የሚጀምረው ከወምበርማ ገጠር የምትመጣው እናት መፀነሷን እንኳ ሳታውቅ ነው። ለመጀመሪያ ክትትል ጤና ጣቢያ ስትደርስ ብዙ ጊዜ ወራት አልፈዋል፤ በእነዚያ ወራት ለልጇ የደረሰለት አዮዲን ከዚያ በፊት ከቅዳሜ ገበያ በኪሎ ገዝታ ወጧ ላይ ከነሰነሰችው ጨው የተገኘው ብቻ ነው።